አባል ልሁን፣ ቀንሼ ልክፈል ወይስ ጭራሽ ልተወው? የዩኒየን መዋጮ መመሪያ ለመንግሥት ኮንትራክተር ሠራተኞች

ሥራ የጀመርኩ ቀን የሰበሰቡን ክፍል መስኮት አልነበረውም። ዋሽንግተን ዲሲ መሀል ከተማ፣ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ያለበት ሕንፃ ምድር ቤት ነው። ሥራው ጥበቃ ነበር። ዘጠኝ አዲስ ገቢዎች ነበርን፤ አምስታችን ሐበሻ። አንዲት ሴት የወረቀት ክምር ይዛ መጣችና “እዚህ ፈርሙ፣ እዚህም፣ እዚህም” እያለች አዞረችን። ከወረቀቶቹ መሀል ወፈር ያለች ካርድ ነበረች። እሷንም ፈረምኩ። ሥራ በማግኘቱ ደስ ያለው ሰው ምን ያነባል?

ምን እንደፈረምኩ የገባኝ በሁለተኛው ወር ነው። ቼኬ ላይ፣ ከግብሩና ከሶሻል ሴኩሪቲው በታች፣ “ዩኒየን ዲዩስ”፣ የሠራተኛ ማኅበር መዋጮ ማለት ነው፣ የሚል አዲስ መስመር መጣ። ምሳ ሰዓት ላይ አብረውን የሚሠሩ አንድ ትልቅ ሰው ጠየቅሁ።

“ጋሼ፣ ይሄ ነገር ምንድን ነው?”

“የግድ ነው ልጄ። ካልከፈልክ ያባርሩሃል።”

ማታ ሺፍት የሚቀይረኝ ልጅ ደግሞ ሌላ ነገር አለኝ። “ማነው የግድ ያለህ? ሱፕሪም ኮርት እኮ ከልክሎታል! ነገውኑ ጽፈህ አስቁመው።”

ሁለቱም ያሉት ግማሽ ግማሹ ልክ ነበር። የጋሼን ቃል ብቻ የያዘ ሰው ያለውን ምርጫ ሳያውቅ ዕድሜውን ሙሉ ይከፍላል። የልጁን ቃል ይዞ ዝም ብሎ መክፈል ያቆመ ደግሞ ሥራውን ሊያጣ ይችላል። እኔ ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት በዚሁ ሥራ ቆየሁ፤ ሦስቱን ዓመት ሾፕ ስቱዋርድ፣ ማለትም በሥራ ቦታው የዩኒየኑ ተወካይ፣ ሆኜ። ጠበቃ አይደለሁም። ግን ይሄንን ጥያቄ ስንት ሰው እንደጠየቀኝ አልቆጥረውም። ያኔ በአማርኛ ባገኘው ብዬ የተመኘሁትን ነው የምጽፍላችሁ።

መጀመሪያ፦ ደመወዛችሁን የሚከፍለው ማነው?

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ሕንፃው የመንግሥት ስለሆነ፣ ባጃችሁም ላይ የመንግሥት ማኅተም ስላለ የመንግሥት ሠራተኛ አትሆኑም። ቼኩ ላይ ያለው ስም የግል ድርጅት ከሆነና ድርጅቱ ከመንግሥት ጋር ውል ካለው፣ እናንተ የኮንትራክተር ሠራተኛ ናችሁ። ጽዳት፣ ጥበቃ፣ ካፍቴሪያ፣ ፓርኪንግ፣ የሕንፃ ጥገና፣ የኮምፒውተር ሄልፕ ዴስክ፤ ስንቱ ሐበሻ በዚህ በር ነው የመንግሥት ሕንፃ ውስጥ የገባው።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በቀጥታ በፌዴራል መንግሥት የተቀጠረ ሰው፣ በ1978 በወጣው የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያ ሕግ መሠረት፣ ለዩኒየን እንዲከፍል አይገደድም። ለስቴት፣ ለካውንቲ ወይም ለሕዝብ ትምህርት ቤት የሚሠራ ሰውም ከጁን 27 ቀን 2018 ጀምሮ አይገደድም። የዚያን ቀን ሱፕሪም ኮርት “ጃነስ” በሚባለው መዝገብ ወሰነ። ሺፍት ቀያሪዬ የሰማው ይሄንን ነው። ውሳኔው ግን የግል ድርጅት ሠራተኛን አይነካም። የኮንትራክተር ሠራተኛ የሚተዳደረው በ1935 በወጣውና በ1947 በተሻሻለው የግል ዘርፍ የሠራተኛ ግንኙነት ሕግ ነው። ቴሌግራም ላይ የሚዞረውን “ዩኒየን መክፈል ቀረ” የሚል ዜና ስታዩ፣ ለማን ነው የቀረው ብላችሁ ጠይቁ።

አየር መንገድና ባቡር ሌላ ሕግ አላቸው፤ የ1926ቱን። ወረድ ብዬ እመጣበታለሁ።

ሁለተኛ፦ ወንዙን ተሻግራችኋል?

ከፖቶማክ ወንዝ ወዲህ ዲሲና ሜሪላንድ ናቸው፤ ወዲያ ቨርጂኒያ። ለመዋጮ ጉዳይ ይሄ ወንዝ ትልቅ ድንበር ነው።

የ1947ቱ ማሻሻያ ለየስቴቱ አንድ ሥልጣን ሰጠ። ስቴቱ ከፈለገ፣ ሠራተኛ ለዩኒየን እንዲከፍል የሚያስገድድ ውል መፈራረምን ሊከለክል ይችላል። ይሄ “ራይት ቱ ወርክ” የሚባለው ሕግ ነው። ስሙ ሥራ የማግኘት መብት ይመስላል፤ አይደለም። ሳይከፍሉ የመሥራት መብት ነው። ቨርጂኒያ ያኔውኑ በ1947 አወጣችው። ዲሲና ሜሪላንድ የላቸውም። ዛሬ 26 ስቴቶች አላቸው። ሚሺጋን ነበራት፤ ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ተሻረ።

ሐበሻ በብዛት ያለባቸውን ሌሎች ከተሞች ካያችሁ፣ ዳላስ፣ አትላንታና ላስ ቬጋስ እንደ ቨርጂኒያ ናቸው። ሲያትል፣ ሚኒያፖሊስና ሎስ አንጀለስ እንደ ዲሲ። ዴንቨር ያላችሁ ደግሞ ኮሎራዶ የራሷ የተለየ ሕግ ስላላት ለብቻው ጠይቁ።

ቁም ነገሩ የምትኖሩበት ቦታ አይደለም። የምትሠሩበት ነው። አሌክሳንድሪያ ተኝታችሁ ጠዋት ዲሲ የምትገቡ ከሆነ የዲሲ ሰው ናችሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ኖራችሁ አርሊንግተን የምትሠሩ ከሆነ የቨርጂኒያ። ሱፕሪም ኮርት በ1976 እንዲሁ ነው ያለው፤ ሥራው በዋናነት የሚሠራበት ቦታ ሕግ ይገዛል።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው፣ ቨርጂኒያ ውስጥም ሆኖ የፌዴራል መንግሥት ሙሉ ሥልጣን ያለበት መሬት አለ። አንዳንድ የጦር ሰፈር እንደዚህ ነው። እዚያ የቨርጂኒያ ሕግ ላይሠራ ይችላል። ሁለተኛው አየር መንገድ ነው። ደለስ ወይም ሬገን ኤርፖርት ላይ የአየር መንገድ ሠራተኛ ከሆናችሁ፣ የ1926ቱ ሕግ የስቴቱን ስለሚሽር ቨርጂኒያ ውስጥ ሆናችሁም ልትገደዱ ትችላላችሁ። ኤርፖርት ውስጥ ለኮንትራክተር የምትሠሩ፣ ዊልቸር የምትገፉ፣ አውሮፕላን የምታጸዱ፣ “እኛ በየትኛው ሕግ ነው የምንተዳደረው?” ብላችሁ ዩኒየኑን በጽሑፍ ጠይቁ። በግምት የሚሆን ነገር አይደለም።

ዲሲም ሆናችሁ ግዴታው ዝም ብሎ አይመጣም። በዩኒየኑና በድርጅቱ መካከል በተፈረመው የኅብረት ስምምነት ውስጥ መክፈልን ግዴታ የሚያደርግ አንቀጽ መኖር አለበት። አንቀጹ ከሌለ ግዴታም የለም። ካለም፣ ከተቀጠራችሁ 30 ቀን ሳይሞላ አይጀምርም።

“አባል” የምትለው ቃል

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፤ ትልቁ ግራ መጋባት ያለው እዚህ ነውና። የእኛን ስምምነት ሳገላብጥ አንቀጹ እንዲህ ይላል፦ ሠራተኛው 30 ቀን ሲሞላው የዩኒየኑ አባል ይሆናል፣ አባልነቱንም ጠብቆ ይቆያል። ይሄንን ያነበበ ሰው ምን ይረዳል? አባል ካልሆንኩ እባረራለሁ ብሎ ነው የሚረዳው። ጋሼም የተረዱት ይሄንን ነው። እሳቸው ላይ አልፈርድም። በደርግ ጊዜ ሳይጠየቁ ከደመወዛቸው ሲቆረጥባቸው የኖሩ ሰው ናቸው፤ “የግድ ነው” ሲባል ለምን ብሎ መጠየቅን ማን አስተማራቸው?

ሕጉ ግን እንደዚያ አይደለም። ሱፕሪም ኮርት በ1963፣ ጄኔራል ሞተርስ ተከራካሪ በነበረበት መዝገብ፣ በዚህ አንቀጽ ውስጥ “አባል” ማለት ገንዘቡን መክፈል ብቻ ነው አለ። መሐላ የለም፣ ስብሰባ መሄድ የለም፣ ካርድ መያዝ የለም። ማንም ሰው ሙሉ አባል ካልሆንክ ተብሎ አይባረርም። የሚባረረው የሚጠበቅበትን ክፍያ ካልከፈለ ብቻ ነው።

ከዚያ ሃሪ ቤክ መጣ። የስልክ ኩባንያ ሠራተኛ ነው። እሱና ጓደኞቹ፣ በጠቅላላው 20 ሰዎች፣ በ1976 ዩኒየናቸውን ከሰሱ። አባል አይደለንም፣ ለድርድር የሚወጣውን እንከፍላለን፣ ለፖለቲካው ግን ለምን እንከፍላለን? ነው ጥያቄያቸው። መዝገቡ ሜሪላንድ ባለው የፌዴራል ፍርድ ቤት ታየ። እዚያ ዩኒየኑ ለድርድርና ለአቤቱታ ማስፈጸሚያ ዋለ ብሎ ሊያሳይ የቻለው ከመዋጮው 21 በመቶውን ብቻ ነበር። ነገሩ 12 ዓመት ፈጀ። ጁን 29 ቀን 1988 ሱፕሪም ኮርት ለእነ ቤክ ፈረደ። አባል ያልሆነ ሰው ከተቃወመ፣ ሊጠየቅ የሚችለው ለመደራደር፣ ስምምነቱን ለማስፈጸምና አቤቱታ ለመከራከር የሚወጣውን ድርሻ ብቻ ነው። ሰው እስካሁን “የቤክ መብት” የሚለው ይሄንን ነው። ያ 21 በመቶ የዚያ መዝገብ ቁጥር ነው። የእናንተ ዩኒየን ቁጥር ሌላ ነው፤ ጠይቃችሁ ነው የምታውቁት።

ታዲያ ስምምነቱ ላይ ለምን አሁንም “አባል ይሆናል” ተብሎ ይጻፋል? በ1998 ይሄው ጥያቄ ሱፕሪም ኮርት ደርሷል። ፍርድ ቤቱ ዩኒየኖች የሕጉን ቃል እንዳለ መገልበጣቸው ብቻውን ጥፋት አይደለም አለ። ስለዚህ ወረቀቱ “አባል” ይላል፣ ሕጉ “ከፋይ” ማለቴ ነው ይላል፣ በመሀል ሠራተኛው ግራ ይጋባል። የግል ዘርፉን የሠራተኛ ሕግ የሚያስፈጽመው የፌዴራል የሠራተኛ ግንኙነት ቦርድ፣ ዩኒየኖች መዋጮውን ከመጠየቃቸው በፊት መብቱን ማሳወቅ አለባቸው ብሏል፤ ከ1995 ጀምሮ ግልጽ ነው። ማሳወቂያው ግን ዩኒየኑ በሚልከው መጽሔት ጀርባ ላይ በደቃቅ ፊደል ሊሆን ይችላል። ማስታወቂያ መስሏችሁ አትጣሉት።

ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት

የእኛ ማረፊያ ክፍል ማይክሮዌቩ በላይ ሰሌዳ ነበር። የዝቅተኛ ደመወዝ ማስታወቂያ፣ ጠፋ የተባለ ባጅ፣ የቻይና ምግብ ቤት ሜኑ። ከሜኑው ሥር፣ ጥጉ ብቻ እየታየ፣ የሠራተኞች መብት የሚል ፖስተር ነበር። አንድ ሌሊት ሜኑውን ገልጬ አነበብኩት። መደራጀት ትችላላችሁ፣ መደራደር ትችላላችሁ ይላል። ስለ መዋጮ ግን አንድም ቃል የለበትም።

ይሄ የሆነበት ታሪክ አለው። በኤፕሪል 1992 ትልቁ ቡሽ የመንግሥት ኮንትራክተሮች የቤክን መብት ግድግዳ ላይ እንዲለጥፉ አዘዙ። ክሊንተን ሥልጣን በያዙ በ12 ቀናቸው፣ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1993፣ ሻሩት። ትንሹ ቡሽ ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2001 መለሱት። ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ ጸና፣ ዝርዝር ደንቡም በ2004 ወጣ። ኦባማ ደግሞ በገቡ በ10 ቀናቸው፣ ጃንዋሪ 30 ቀን 2009፣ ያንን ሽረው የመደራጀት መብትን የሚናገር ሌላ ፖስተር አዘዙ። ከ2010 ጀምሮ የተለጠፈው እሱ ነው። አንድ ጥሩ ነገር ነበረው፤ እንግሊዝኛ የማይችሉ ሠራተኞች በብዛት ካሉ በሚናገሩት ቋንቋም ይለጠፍ ይል ነበር።

እኔ ከሁለቱም ፖስተር ጋር ጥል የለኝም። ሁለቱም እውነት ይናገራሉ። የሚያናድደኝ እያንዳንዱ ወገን የሚወደውን ግማሽ እውነት ብቻ መለጠፉ ነው። መደራጀት መብታችሁ ነው። የምትከፍሉት ምን ላይ እንደሚውል መጠየቅም መብታችሁ ነው። ፖስተሩ ዋይት ሀውስ ሲቀየር ሊቀየር ይችላል፤ የ1988ቱ ፍርድ ግን ያው ነው። ግድግዳው ላይ ስለሌለ የለም ብላችሁ አታስቡ።

ምርጫዎቹ፣ ጎን ለጎን

ሙሉ አባል መሆን። ሙሉ መዋጮ ትከፍላላችሁ። በምትኩ ድምፅ አላችሁ። ስምምነቱ ሲጸድቅ እጃችሁን ታወጣላችሁ፣ መሪ ትመርጣላችሁ፣ ራሳችሁም ትወዳደራላችሁ። ሌላው ጎኑ ደግሞ በዩኒየኑ ደንብ ትገዛላችሁ። አድማ ተጠርቶ አባል ሆናችሁ ሥራ ከገባችሁ ዩኒየኑ በገንዘብ ሊቀጣችሁ ይችላል። ከአባልነት መልቀቅ ግን በማንኛውም ጊዜ ይቻላል፤ ይሄ ከ1985 ጀምሮ የጸና ነው።

ከአባልነት ወጥቶ መቃወም፣ ማለትም ቤክ። ዲሲና ሜሪላንድ ላላችሁ ይሄ ነው ዋናው ሁለተኛ ምርጫ። ትከፍላላችሁ፣ ግን ቀንሳችሁ። ዩኒየኑ ወጪውን ዘርዝሮ፣ በገለልተኛ ኦዲተር አስመርምሮ ሊያሳያችሁ ይገባል። ለሎቢ፣ ማለትም ሕግ አውጪዎችን ለማግባባት፣ የሚወጣው ወጪም በእናንተ ድርሻ ውስጥ እንደማይቆጠር ቦርዱ በ2019 ወስኗል። ድምፅ ግን የላችሁም። ሌሎች የመረጡትን ስምምነት ትቀበላላችሁ።

ከዚህ ጋር አንድ መጥፎ መሀል መንገድ አለ። ሰው አባልነቱን ይለቅና የመቃወሚያውን ደብዳቤ ሳይጽፍ ይቀራል። ያ ሰው ሙሉውን ይከፍላል፣ ድምፅም አይሰጥም። ሁለት ጊዜ የከሰረ እሱ ነው። እንደዚህ ሆነው ሁለት ዓመት የከፈሉ እኅት አውቃለሁ። “ለቀቅሁ ብዬ ነበርኮ” አሉኝ። መልቀቅና መቃወም የተለያዩ ናቸው።

የሃይማኖት ምክንያት። ከ1980 ጀምሮ ሕጉ ውስጥ ያለ ነው። ሃይማኖቱ ዩኒየን መደገፍን የሚከለክለው ሰው የመዋጮውን ያህል ለበጎ አድራጎት ይሰጣል። ገንዘብ አይቀንስም፤ መንገዱ ነው የሚቀየረው። ለቤተ ክርስቲያናችሁ ወይም ለመስጊዳችሁ መስጠትም አይቻልም፤ ሃይማኖታዊ ያልሆነ ድርጅት መሆን አለበት። አብዛኞቻችን ሃይማኖታችን ዩኒየንን አይከለክልም። ገንዘብ ለማትረፍ ብላችሁ በሃይማኖት ስም እንዳትጽፉ እለምናችኋለሁ።

ምንም አለመክፈል። ይሄ የሚሠራው ቨርጂኒያና መሰሎቿ ላይ፣ ወይም ስምምነቱ ውስጥ አስገዳጁ አንቀጽ በሌለበት ቦታ ብቻ ነው። አባል አትሆኑም፣ አንድ ሳንቲም አትከፍሉም፣ ስምምነቱ ያስገኘው ጭማሪና ሕክምና ግን ለእናንተም ነው። ዩኒየኑ አባል አይደሉም ብሎ ሊያዳላባችሁ አይችልም፤ ሁሉንም በእኩል የመወከል ግዴታ አለበት።

እዚህ ላይ እድርን አስቡ። እድር ውስጥ የማይከፍል ሰው ድንኳን አይተከልለትም። ዩኒየን ግን ላልከፈለውም ድንኳን ይተክላል፤ ሕጉ ያስገድደዋል። አንዳንዱ ታዲያ ለምን እከፍላለሁ ይላል። አንዳንዱ ደግሞ ሁላችንም እንደዚያ ካልን ድንኳኑን ማን ይገዛል ይላል። እኔ ሁለተኛው ወገን ነኝ። ግን ሲልቨር ስፕሪንግ ቤት ኪራይ እየከፈለ አገር ቤት እናቱን የሚያሳክም ሰው የመጀመሪያውን ቢመርጥ ክፉ ሰው ነው አልልም።

ሒሳቡ

በምሳሌ እንየው። ወርሃዊ መዋጮ 45 ዶላር ነው እንበል፤ በዓመት 540። ዩኒየኑ 80 በመቶው ለድርድርና ለአቤቱታ ነው የሚውለው ካለ፣ የቤክ ከፋይ 432 ዶላር ይከፍላል። ትርፉ በዓመት 108 ዶላር፣ በወር 9 ዶላር ነው። መዋጮው ከፌዴራል ግብር ይቀነስልኛል ብላችሁ ደግሞ አትቁጠሩ፤ ከ2018 ጀምሮ ቀርቷል።

በሌላ በኩል፣ ስምምነቱ በሰዓት 40 ሳንቲም ቢጨምር፣ በዓመት 2,080 ሰዓት ለሚሠራ ሰው 832 ዶላር ነው። ያንን ስምምነት ማጽደቅ ወይም “ይሄ አይበቃም” ብሎ መመለስ የሚችለው ድምፅ ያለው ነው። የእኛ ዩኒት ውስጥ አንድ ጊዜ የሕክምና መድኑን የሚቀንስ ሐሳብ በስድስት ድምፅ ልዩነት ነው የወደቀው። ስድስት ሰው! ለዚህ ነው ጉዳዩ ገንዘብ ብቻ ለሆነበት ሰው፣ ዲሲ ውስጥ፣ ለ9 ዶላር ብለህ ድምፅ የመስጠት መብትህን አትጣ የምለው።

ገንዘብ ብቻ ያልሆነበት ሰው ግን አለ። ዩኒየኑ የሚደግፈው ፖለቲካ ሕሊናውን የሚነካው። ለእሱ 9 ዶላሩ ቢያንስም መርሑ አያንስም። ቤክ ለእንደዚህ ዓይነት ሰው ነው የተሠራው፤ አይፈር። ከዚያ በፊት ግን ካርዱን ደግሞ ይየው። ብዙ ካርዶች ሁለተኛ ፊርማ አላቸው፤ ለፖለቲካ ፈንድ ተጨማሪ የሚቆረጥበት። እሱ ሙሉ በሙሉ በፈቃድ ነው። አባል ሆኖ ያንን ብቻ አለመፈረም ይቻላል። አንዳንዱን ሰው የሚያንገበግበው እሱ ሆኖ ተገኝቷል፤ ያንን አስቁሞ አባልነቱን ይዞ ቀጥሏል።

ዩኒየናችሁ የተኛ ከሆነስ? ስልክ የማያነሳ፣ ስቱዋርድ የሌለው? ያኔ እንኳን እኔ መጀመሪያ ስብሰባ ሂዱ ነው የምለው። አንድ ዓመት ሞክራችሁ ካልተነቃነቀ፣ የዚያን ጊዜ ደብዳቤውን ጻፉ።

ከመረጣችሁ በኋላ

የኅብረት ስምምነቱን ቅጂ ጠይቁ። “ዩኒየን ሴኩሪቲ” የሚለውን፣ መክፈልን ግዴታ የሚያደርገውን አንቀጽ ፈልጉ። ቀጥሎ የፈረማችሁትን ካርድ ቅጂ ጠይቁ። ካርዱ ሁለት ነገር አንድ ላይ ሊይዝ ይችላል፤ አባልነትና ከደመወዝ እንዲቆረጥ ፈቃድ። ፈቃዱ በሕግ ከአንድ ዓመት በላይ ወይም ስምምነቱ ካለቀ በኋላ ሊያስራችሁ አይችልም፤ ቀድሞ የመጣው ነው የሚቆጠረው። ብዙ ካርድ ግን በጠባብ የቀን መስኮት ውስጥ ካልጻፋችሁ ራሱን ያድሳል። ቀኑን ስልካችሁ ላይ መዝግቡት። ዲሲ ውስጥ መቁረጡን ብታስቆሙም ክፍያው አይቀርም፤ ራሳችሁ በቼክ ትከፍላላችሁ። ውዝፍ ካለባችሁ ዩኒየኑ ይባረር ከማለቱ በፊት ስንት እንደሆነ፣ የየትኛው ወር እንደሆነና እስከ መቼ መክፈል እንዳለባችሁ ሊነግራችሁ ይገባል። እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ ከመጣ አንድ ቀን አታሳድሩት።

የቤክ ደብዳቤ አጭር ነው፤ የሚጻፈውም በእንግሊዝኛ። ስም፣ አድራሻ፣ የድርጅቱ ስም። ከዚያ ሦስት ዓረፍተ ነገር፦ ከአባልነት ለቅቄአለሁ። ለድርድር፣ ለስምምነት ማስፈጸሚያና ለአቤቱታ ከሚውለው ውጪ ያለውን ክፍያ እቃወማለሁ። የወጪ ዝርዝሩንና የተቀነሰውን መጠን ላኩልኝ። በሪኮመንዴ ላኩት፣ የመቀበያውን ካርድ አስቀምጡ። ለስቱዋርድ በእጅ ሰጥቻለሁ የሚባል ነገር ቆይቶ ማስረጃ አይሆንም፤ ስቱዋርድ የነበርኩ ሰው ነኝ የምነግራችሁ።

ዲሲ ከ2004 ጀምሮ ባላት የቋንቋ ሕግ ምክንያት የከተማው መሥሪያ ቤቶች ወረቀት በአማርኛ ይገኛል። የዩኒየን ካርድ ግን በዚያ ሕግ ውስጥ የለም። ስለዚህ በአማርኛ አስረዱኝ ብላችሁ ራሳችሁ ጠይቁ፤ ሐበሻ ስቱዋርድ ካለ ደስ ብሎት ያደርገዋል።

አባል ካልሆንክ ትባረራለህ ያላችሁ ካለ፣ ወይም ደብዳቤያችሁ መልስ ካጣ፣ የሠራተኛ ግንኙነት ቦርድ አለ። ለዚህ አካባቢ ዋናው ቢሮ ባልቲሞር ነው። ክስ ማቅረብ በነፃ ነው፤ ጠበቃም አይጠይቅም። ሱፐርቫይዘራችሁ “ከዩኒየኑ ውጣ፣ እኔ አለሁልህ” ካላችሁም እዚያው ነው የሚኬደው። አሠሪ በዚህ ውስጥ እጁን ማስገባት አይችልም። ጊዜው ግን 6 ወር ብቻ ነው፤ ነገሩ ከሆነበት ቀን ይቆጠራል።

የመጨረሻው የኮንትራክተር ሠራተኛ ብቻ የሚያውቀው ነገር ነው። ውሉ ያልቅና ሌላ ድርጅት ያሸንፋል። ሰዉ ያው፣ በሩ ያው፤ ዩኒፎርሙና ቼኩ ላይ ያለው ስም ይቀየራል። በ1965 በወጣው የአገልግሎት ውል ሕግ መሠረት፣ በስምምነቱ የተገኘው ደመወዝና ጥቅማ ጥቅም ለአዲሱ ድርጅትም ወለል ይሆናል፤ ከዚያ በታች መክፈል አይችልም። አዲሱ ድርጅት ግን አዲስ ወረቀት ያመጣል፣ አዲስ ካርድም አብሮ ሊመጣ ይችላል። እንደገና የምትመርጡበት ጊዜ እሱ ነው።

በእኛም ላይ ሆነ። በአምስተኛው ዓመት ውሉ ተቀየረ። ያው መስኮት የሌለው ክፍል፣ ሌላ ሴት፣ ያው የወረቀት ክምር። እዚህ ፈርሙ፣ እዚህም፣ እዚህም። ወፈር ያለችው ካርድ ስትደርሰኝ “ይቺን ነገ አመጣታለሁ” አልኳት። “ይቻላል” አለች። ጋሼ ከጎኔ ነበሩ። ብዕራቸውን ቀና አድርገው አዩኝና እሳቸውም ካርዳቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ማታ ስልክ ደወሉልኝና መስመር በመስመር አነበብንላት። በማግስቱ ሁለታችንም አባል ሆነን ፈረምን፤ ሁለተኛውን ፊርማ እሳቸው ባዶ ተዉት።